በእጃችሁ ባለው ስልክ ተምራችሁ ሥራ ላይ ለመድረስ፦ ለጅማና ለቡና ከተሞች ወጣቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በኢንተርኔት ነጻ ትምህርት እንዳለ የማያውቅ ወጣት ዛሬ በጅማ ጥቂት ነው። ጊንጆም ሆነ ሔርማታ፣ አጋሮም ሆነ ሊሙ ገነት ብትሄዱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ ሁሉ የቱን ልጀምር? ዳታውን በምን እችላለሁ? ስጨርስስ ሥራ ያስገኝልኛል ወይ? ብዙዎች መልሱን ሳያገኙ ሊንክ እየሰበሰቡ፣ የቴሌግራም ቻናል እየተቀላቀሉ ዓመቱ ያልፍባቸዋል።

ይህን ስጽፍ ሦስት ዓይነት አንባቢ በሐሳቤ ይዤ ነው። አንደኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ነው። ሁለተኛው ተመርቆ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ሥራ የሚፈልግ ነው። ሦስተኛው ትምህርቱን አቋርጦ በቤተሰብ ቡና ወይም በንግድ ላይ ያለ ነው። ለሦስቱም የምለው አንድ ነው፦ አንድ ትምህርት እስከ መጨረሻው ተምራችሁ በተማራችሁት አንድ የሚታይ ነገር ሥሩ። ከሃያ ጅምር ይህ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው፤ አንዱ ለቀጣዩ መሠረት ስለሆነ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሂዱባቸው።

1ኛ ደረጃ፦ የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ደብተር ክፈቱና ከስድስት ወር በኋላ ምን መሥራት መቻል እንደምትፈልጉ ጻፉ። «ኮምፒውተር መማር እፈልጋለሁ» አይበቃም፤ ምን መማር እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። «የኅብረት ሥራ ማኅበር የእሸት ቡና ግዢ መዝገብ በኤክሴል መያዝ እፈልጋለሁ»፣ «በማትሪክ ሒሳብ ከግማሽ በላይ ማምጣት እፈልጋለሁ»፣ «በጤና ድርጅት ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ መቀጠር እፈልጋለሁ» የሚሉት ግን ምን መማር እንዳለባችሁ ራሳቸው ይናገራሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ዋና ስሕተት የጓደኛን ግብ መውሰድ ነው። ጓደኛችሁ ኮዲንግ ስለጀመረ ብቻ ኮዲንግ አትጀምሩ። በአካባቢያችሁ ሰው እየከፈለ የሚያሠራውን ሥራ ጠይቁና ከዚያ ተነሡ።

2ኛ ደረጃ፦ ስማችሁንና ሰነዳችሁን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን ቆይቶ ነው። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች የተማራችሁ አንዳንድ ማስረጃዎቻችሁ ስማችሁን በቁቤ አጻጻፍ፣ ሌሎቹ ደግሞ በእንግሊዝኛው ልማድ ሊይዙት ይችላሉ። ከድር፣ ተሾመ፣ ሙሐመድ የሚሉ ስሞች በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ሲጻፉ ታገኛላችሁ። የ8ኛ ክፍል ካርዱ አንድ ዓይነት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ሌላ፣ የፋይዳ መታወቂያው ሦስተኛ ዓይነት ሲሆን ቀጣሪም ሆነ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱ ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን መጠራጠሩ አይቀርም።

ስለዚህ ሰነዶቻችሁን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የስማችሁን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ከዚያ አንዱን አጻጻፍ ምረጡ። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው የ12ኛ ክፍል ውጤት ወይም የዲግሪ ማስረጃ ላይ ያለው ነው፤ እሱን ማስለወጥ ከሁሉም ይከብዳልና። ፋይዳ ገና ያላወጣችሁ ከሆነ ስትመዘገቡ ይህንኑ አጻጻፍ ስጡ፤ ያወጣችሁም ልዩነት ካለ ሥራ ሳያጣድፋችሁ እርማት ጠይቁ። ከዚህ በኋላ በየትኛውም የኢንተርኔት ትምህርት ስትመዘገቡ ስማችሁን ሁልጊዜ በዚያው አጻጻፍ አስገቡ። በቅጽል ስም ወይም በአባት ስም ብቻ ተመዝግቦ ሰርተፊኬቱ ሲወጣ ማሳረም የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ሙሉ ስማችሁን የያዘ ኢሜይል ክፈቱ። ሰነዶቻችሁን በጥሩ ብርሃን ስካን አድርጋችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡና በኢሜይላችሁ ለራሳችሁ ላኩ፤ ስልክ ቢጠፋ እንኳ ሰነዱ አይጠፋም። የቴሌግራም መለያችሁን በሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ዝጉ። ባለ 12 አኃዙን የፋይዳ ቁጥራችሁንና በአጭር መልእክት የሚላክላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ በግሩፕ ውስጥ «ለምዝገባ ነው» የሚል ሰው ቢጠይቃችሁም እንኳ።

3ኛ ደረጃ፦ ዳታችሁን አስሉ

ዳታ የሚበላው ከሁሉ በላይ ቪዲዮ ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ360ፒ ጥራት ወደ 300 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ720ፒ ሲሆን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊሄድ ይችላል። የ20 ሰዓት ቪዲዮ ያለው ትምህርት በዝቅተኛው ጥራት 6 ጊጋባይት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ጥራቱን ሳትቀንሱ ብትከፍቱት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት የቪዲዮውን ርዝመት ተመልክታችሁ ይህን ስሌት ሥሩ። ብዙዎች ትምህርቱን መሐል ላይ የሚያቆሙት ከብዷቸው ሳይሆን ጥቅላቸው አልቆ ነው።

ወጪውን ለመቀነስ የሚያዋጡ መንገዶች አሉ። በጽሑፍ የተዘጋጀ ትምህርት ካለ እሱን አስቀድሙ፤ ለምሳሌ ፍሪኮድካምፕ የድረ ገጽ ሥራን በአብዛኛው በጽሑፍና በልምምድ ስለሚያስተምር ዳታው ቀላል ነው። ኮርሴራ የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ በስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት እንድታዩ ይፈቅዳል፤ በሌሊት ጥቅል ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዳችሁ ቀን ተማሩበት። ኪዊክስ የሚባለው መተግበሪያ ደግሞ ዊኪፔዲያንና ሌሎች የእውቀት ስብስቦችን አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ምንም ዳታ ያስነብባል። የጤና ተማሪ ከሆናችሁ በውስጡ ያለውን የሕክምና ዊኪፔዲያ ብቻውን ማውረድ ይቻላል፤ ሙሉውን ዊኪፔዲያ ለማውረድ አትሞክሩ፣ የብዙ ስልክ ማኅደር አይችለውም።

መብራት የሚጠፋበት ክረምት ስለሚመጣም የምትማሩበትን ነገር በስልኩ ብቻ አትያዙ። ዋና ዋናውን ነጥብ በእጅ ጻፉ። ይህ መብራት ሲጠፋ ያገለግላል፤ በደንብ ለማስታወስም ይረዳል።

ላፕቶፕ የግድ የሚያስፈልገው ለፕሮግራም፣ ለካርታና ለከበድ ያለ የኤክሴል ሥራ ነው፤ ለሌላው ስልክ ይበቃል። ለመግዛት ካሰባችሁ ቤተሰብ የቡና ገንዘብ በሚያገኝበት በለቀማ ወቅት ተነጋገሩበት። ያገለገለ ከሆነ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ይሁን፤ ከመክፈላችሁ በፊትም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ እዚያው ፈትኑት።

4ኛ ደረጃ፦ ለግባችሁ የሚሆነውን አንድ ትምህርት ምረጡ

*ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች።* በ2016 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ የጥያቄ ወረቀት በቃል መሸምደድ እንደማያዋጣ ስለሚያሳይ ነው። መጀመሪያ የምትይዙት የትምህርት ሚኒስቴርን የተማሪ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ብዙዎቹ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ስለሆኑ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይታችሁ በክፍል ከያዛችሁት መጽሐፍ ጋር አመሳክሩ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያልገባችሁ ቦታ ላይ ካን አካዳሚ ግቡ፤ ነጻ ነው፣ ከ9ኛ ክፍል መሠረት ጀምሮ ይወስዳችኋል። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ፌት የተባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ማሳያ ተጠቀሙ፤ የኤሌክትሪክ ዑደት ገጥማችሁ፣ አሲድና ቤዝ ቀላቅላችሁ ውጤቱን በስክሪን ታያላችሁ። የተወሰኑት በአማርኛ ተተርጉመዋል።

ፈተናው ለብዙ ተማሪ በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውስ ይዘው የማያውቁ ተማሪዎች መልሱን እያወቁ ጊዜ ያልቅባቸዋል። ትምህርት ቤታችሁ ወይም ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ በስክሪን ረጅም ምንባብ ማንበብንና በማውስ መልስ መምረጥን አስቀድማችሁ ተለማመዱ።

*ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።* የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው። ለየትምህርት ክፍሉ የወጣውን የፈተና ይዘት ዝርዝር ያዙና በደካማ ጎናችሁ ላይ ብቻ አተኩሩ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማኅደርና ብሔራዊው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ክፍት ናቸው፤ በአካባቢያችሁ የተሠራውን ጥናት ከዚያ ሳታነቡ ርእስ አትምረጡ።

*ለኮምፒውተር ሥራ።* በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድጋፍ፣ በዩዳሲቲ በኩል ፕሮግራሚንግን፣ የመረጃ ትንተናንና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን በነጻ እንዲያስተምር የተከፈተ ነው። ኢትዮ ኮደርስ ብላችሁ ፈልጉት፤ ምዝገባው ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። ከሦስቱ የቱን ልጀምር ለሚለኝ መልሴ የመረጃ ትንተና ነው። በጅማ ዙሪያ መተግበሪያ የሚያሠራ ድርጅት ጥቂት ነው፤ መረጃ የሚመዘግብ፣ የሚያጣራና ሪፖርት የሚያወጣ ሰው ግን ጤና ጣቢያውም፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑም፣ የእርዳታ ድርጅቱም ይፈልጋል።

*ለጤና ባለሙያዎች።* የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኝና በድንገተኛ የጤና አደጋ ላይ ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ይሰጣል።

የእንግሊዝኛ ጉዳይ ሁሉንም ይነካል። ከላይ የጠቀስኳቸው ትምህርቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸውና ቋንቋው ከያዛችሁ ከቢቢሲ ወይም ከብሪቲሽ ካውንስል የእንግሊዝኛ መማሪያዎች አንዱን በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ጎን ለጎን ያዙ። ቋንቋው እስኪሟላ ዋናውን ትምህርት ግን አታዘግዩ፤ በአንድ ትምህርት የሚደጋገሙት ቃላት ውስን ስለሆኑ በመማር ላይ እያላችሁ ትለምዷቸዋላችሁ።

ኮርሴራ ላይ የሚከፈልበት ትምህርት ካጋጠማችሁ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ አለው። ለምን እንደምትማሩና መክፈል ለምን እንደማትችሉ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። መልሱ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ክፍያውም ሙሉ በሙሉ ላይነሣ ይችላል። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ጽሑፍ አታስገቡ።

5ኛ ደረጃ፦ ቡናውን ከትምህርቱ ጋር አገናኙ

በዚህ ደረጃ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ለአካባቢያችን ወጣት ከሁሉ የቀረበው ዕድል እዚህ ያለ ይመስለኛል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ወደ አባል አገሮቹ የሚገባ ቡና ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ እንዲታወቅ ያዛል። ማሳው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ መሆን የለበትም፤ ይህንን ለማረጋገጥም የማሳው መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በመስመር ይነሣል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የሕጉ ተግባራዊነት ተደጋግሞ ቢራዘምም ላኪዎችና ዩኒየኖች ዝግጅቱን ማቆም አይችሉም፤ አውሮፓ ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዱ ነውና። በጎማ፣ በማና፣ በጌራና በሊሙ ያለው አብዛኛው ገበሬ ማሳው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሥራው እጅግ ብዙ ነጥብ በእግር እየዞሩ መሰብሰብ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ፣ ገበሬውን በኦሮምኛ የሚያነጋግርና ስልክ በትክክል የሚጠቀም ወጣት ከአዲስ አበባ ከሚላክ ባለሙያ በተሻለ ይሠራዋል።

ለመማር የምትፈልጉት ሁለት ነጻ መሣሪያ ነው። ኮቦ ቱልቦክስ መረጃ በስልክ ለመሰብሰብ፣ ኪውጂአይኤስ ደግሞ የተሰበሰበውን በላፕቶፕ ካርታ ላይ ለማየት ያገለግላሉ። ልምምዱን በቤተሰባችሁ ማሳ እንዲህ አድርጉት፦

ሀ. በኮቦ ላይ አጭር ቅጽ አዘጋጁ፦ የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳው ስፋት፣ የመገኛ ነጥብ፣ ቀን፣ ፈቃድ መስጠቱ።

ለ. ቅጹን ኢንተርኔት ባለበት ወደ ስልካችሁ አውርዱ። ከዚያ በኋላ ማሳ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

ሐ. ማሳው መሐል ቁሙና ነጥቡን ውሰዱ። ስልኩ የስሕተቱን መጠን በሜትር ያሳያችኋል፤ ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ምልክቱ ስለሚዳከም ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ቸኩላችሁ አትመዝግቡ።

መ. ከተማ ስትመለሱ መረጃውን ላኩ፤ ወደ ኪውጂአይኤስ አስገብታችሁ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት። ነጥቡ በእርግጥ ማሳው ላይ ነው ወይስ መንገድ ላይ?

ሥራውን የሚያበላሹ ስሕተቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ገበሬውን ቤቱ አግኝቶ የቤቱን ደጃፍ እንደ ማሳ መመዝገብ ነው። ማሳው ሸንተረሩ ማዶ ሊሆን ይችላል፤ መሄድ ግድ ነው። ሁለተኛው ኬክሮስንና ኬንትሮስን ማቀያየር ነው። ጅማ በሰሜን 7.67፣ በምሥራቅ 36.83 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ቁጥሮቹን ብታቀያይሯቸው ካርታው አልጄሪያ ውስጥ አናባ ከተማ አጠገብ ያደርሳችኋል። ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው። አሮጌ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መለኪያ የተሠሩ ሲሆኑ ስልኮች የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84ን ነው፤ ሁለቱን ሳትለዩ ብትቀላቅሉ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ለአንድ ሄክታር ማሳ ይህ የጎረቤትን መሬት መመዝገብ ነው። አራተኛው ነጥቡን ከአስርዮሽ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት አኃዝ ማሳጠር ነው፤ ሕጉ ቢያንስ ስድስት ይፈልጋል።

ከመሣሪያው በላይ የሚከብደው የገበሬው አመኔታ ነው። መሬቱ ለምን እንደሚመዘገብ፣ መረጃው ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ አስረዱ፤ ካልፈቀደ አትመዝግቡ። የገበሬ ስምና ማሳ የያዘ ዝርዝር በቴሌግራም ግሩፕ አትላኩ።

የገበያውን ነገር ለመረዳት ደግሞ የዓለም አቀፉን የንግድ ማዕከል የቡና መመሪያ አውርዱ፤ 4ኛው እትም በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን በነጻ ይገኛል። ስለ ውል፣ ስለ ጥራትና ስለ ዋጋ አሠራር በዚህ መጠን የሚያስረዳ ሌላ ነጻ መጽሐፍ አላየሁም። ማዕከሉ ለአነስተኛ ነጋዴዎች፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ደግሞ በእርሻ ላይ ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ይሰጣሉ።

6ኛ ደረጃ፦ ትምህርቱን ከለቀማው ጋር አስማሙ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ጊዜ በቡና ቤተሰብ ውስጥ ያለ ወጣት ቀኑ የራሱ አይደለም። በዚያ ወቅት ከባድ ትምህርት ጀምሮ መክሸፍ ልብን ይሰብራል። የሥራችሁ ጊዜ ይህ ከሆነ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለውን ለዋናው ትምህርት መድቡት፤ በለቀማው ወቅት ቋንቋ ወይም የቀድሞውን መከለስ ይበቃል።

ለብቻ መማር ከባድ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ አንዱን ትምህርት ጀምሩ። በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ፤ አንዱ የተማረውን ለሌላው ያስረዳ። ማስረዳት ያልቻላችሁት ያልገባችሁ ነው፤ ወደዚያው ተመለሱ። የሴት ልጆች ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ከቤት ሥራ ነጻ ካልሆነች ከላይ የተጻፈው ሁሉ ለእሷ ወረቀት ብቻ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ የሚታይ ሥራ ሥሩ

ሰርተፊኬት መማራችሁን ይናገራል፤ ቀጣሪ የሚፈልገው መሥራታችሁን ነው። የመረጃ ትንተና ከተማራችሁ የአንድ ሱቅ የሦስት ወር ሽያጭ በኤክሴል መዝግባችሁ በአንድ ገጽ ሪፖርት አውጡ። የካርታ ሥራ ከተማራችሁ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ጎረቤቶችን ማሳ አንሥታችሁ ስማቸውን ያስወገደ ካርታ አዘጋጁ። ድረ ገጽ ከተማራችሁ ለሰፈራችሁ ምግብ ቤት አንድ ገጽ ሥሩለት። ሥራው ትንሽ ይሁን፣ ግን ይለቅ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም የሱቁ ባለቤት ለሠራችሁለት ነገር ሁለት መስመር ምስክርነት ከጻፈላችሁ ከአመልካቾች ለይቶ ያሳያችኋል።

8ኛ ደረጃ፦ ሥራና ስኮላርሺፕ ፈልጉ፣ ከአጭበርባሪም ተጠበቁ

ለሥራ ኢትዮ ጆብስን፣ ሐሁ ጆብስንና አፍሪወርክን ተከታተሉ፤ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓትም ተመዝገቡ። የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ግን አሁንም ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ በእግር ዞራችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሲቪያችሁን አስተካክሉ። የተጠየቀውን ክህሎት በእርግጥ ካላችሁ ማስታወቂያው በተጠቀመበት ቃል ጻፉት፤ የሌላችሁን አትጻፉ። ሁለት ገጽ ይበቃል።

ለውጭ ትምህርት የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም፣ የጀርመኑ ዳድ፣ ኢራስመስ ሙንዱስና የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፖች የታወቁ ናቸው። የብዙዎቹ ማመልከቻ በመስከረምና በጥር መካከል ባሉት ወራት ስለሚሰበሰብ ትራንስክሪፕታችሁንና የሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ በክረምቱ አዘጋጁ። መምህራኑ ሳትርቋቸው፣ በደንብ ሲያስታውሷችሁ ጠይቋቸው።

አጭበርባሪን ለመለየት አንዱ መመዘኛ ገንዘብ ነው። ለመቅጠር «የምዝገባ»፣ «የዩኒፎርም»፣ «የሥልጠና» ብሎ በቴሌብር የሚያስከፍል ቀጣሪ ቀጣሪ አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸውን ስኮላርሺፖች «እኔ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ የሚያስከፍል ደላላ ራሳችሁ በነጻ ልትሞሉት የምትችሉትን ቅጽ እየሸጠላችሁ ነው። ቪዲዮ በመውደድ ብቻ የቀን ገቢ የሚል፣ መጀመሪያ ገንዘብ አስገቡ የሚል፣ ሰው ባመጣችሁ ቁጥር እከፍላለሁ የሚል ሥራ ካያችሁ ግሩፑን ልቀቁ። ለውጭ አገር ሥራም ፈቃድ ያለውን ኤጀንሲ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል አረጋግጡ። በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚገባ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ፤ ሠርቶ ክፍያ መቀበል ያቃተው ወጣት ብዙ ነው።

9ኛ ደረጃ፦ ለትምህርት ቤታችሁ አንድ ቅዳሜ ስጡ

እዚህ የደረሳችሁ ስልክና ዳታ ስላገኛችሁ ነው። በገጠር ቀበሌ ያለው ታናሽ ወንድማችሁ ሁለቱም የሉትም። ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካን አካዳሚን ትምህርቶችና ሌሎችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ በክፍሉ ውስጥ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ያስተላልፋል። ትምህርቶቹ ከተማ ውስጥ አንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በፍላሽ ወይም በሐርድ ዲስክ ይወሰዳሉ። የሚያስፈልገው አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና የርእሰ መምህሩ ፈቃድ ነው። ስትጭኑት አንድ መምህር አጠገባችሁ ይቀመጥና አጠቃቀሙን ይማር፤ እናንተ ስትሄዱ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩ ተመልሶ አቧራ ይጠጣል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አጋሮ፣ ወደ የቡ ወይም ወደ ሰቃ ስትሄዱ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ዘንድ ገብታችሁ ጠይቁ።